በአርባ ሰው ፊት የተነበበ ደብዳቤ

ከደብረ ብርሃን የተነሣው አውቶብስ መሐል ሜዳ ሲደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ደብሪቱ ቀድማ ወረደችና ዞራ ጫኔን ደገፈችው። ቀኝ እጁ ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። ሌላው ተሳፋሪ ጋቢውን እየተከናነበ በየአቅጣጫው ሲበተን ሁለቱ ቀስ እያሉ ሽቅብ ተያያዙት።

«እርስዎ አሁን ይረፉ እንጂ። ከዚህ ወዲያ መንገዱን አላጣውም» አላት ጫኔ።

«ጌታነሽ እጅ ሳላስረክብህ? በኋላ እሷን ማን ይችላታል።»

ጫኔ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። ሕመሙ ገና አልለቀቀውም።

ደብሪቱ ወሰኔ የከተማው የሱፍ ምንጣፍ ማምረቻ ሥራ አስኪያጅ ናት። ጫኔ ደግሞ የማምረቻው ቀለም ነካሪ ነው። የፈላ ቀለምና አሲድ የያዘው በርሜል መቆሚያው ተሰብሮ እጁ ላይ የተገለበጠ ዕለት፣ ሚስቱ ጌታነሽ የአራት ወር ሕፃን ታቅፋ ስለነበር አብሮት የሚሄድ ጠፋ። ያን ጊዜ ደብሪቱ ካፖርቷን አንሥታ መኪናው ላይ ወጣች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሾርባውን በማንኪያ እያጠጣች፣ ፋሻው ሲፈታ ግራ እጁን ይዛ ከአጠገቡ አልተለየችም። ሥራ አስኪያጅ ቀለም ነካሪ ሲያስታምም አይተን አናውቅም ብለው ያሟት ነበሩ። ሐሜቱ ሐኪም ቤት ድረስ ደርሷት ነበር፤ አልገረማትም።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከጫኔ እጅ ሌላ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የምንይሉን ፊት።

ጫኔን ለሚስቱ አስረክባ በቀጥታ ወደ ማምረቻው ሄደች። አናጢው ምንይሉ ከግቢው ጥግ ባለው መጠለያ ሥር ሳንቃ እየላገ ነበር። ከእሱ በቀር በአካባቢው ማንም አልነበረም። ደብሪቱ እርምጃዋ ሲፈጥን ታወቃት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድምፅዋን ሳይሰማ ኮቴዋን ለይቶ ቀና ይል ነበር። አሁን ግን አጠገቡ እስክትደርስ አንገቱን አላነሣም። ከዚያ ቆመ፤ ከልብሱ ላይ ፍቅፋቂውን አራገፈና እንደ ማንኛውም ሠራተኛ እጅ ነሣ።

«እንኳን በደህና መጡ፣ ወይዘሪት ደብሪቱ።»

«ምንይሉ፣ ማንም የለም እኮ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ። የጫኔ እጅ እንዴት ሆነ?»

«ይድናል ብለዋል። ሁለት ጣቶቹ ግን ላይታጠፉ ይችላሉ።»

«እግዚአብሔር ይማረው» አለና መላጊያውን አነሣ።

ደብሪቱ ትንሽ ቆመች። የሚለው ነገር ያለ መስሏት ጠበቀች። መላጊያው ሳንቃው ላይ መሄድ ሲጀምር ወደ ቢሮዋ አመራች። አንዲት «እርስዎ» ከበርሜል አሲድ ይልቅ ልታቃጥል እንደምትችል ያን ቀን አወቀች።

*

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1992 ዓ.ም. ነው። ደብሪቱ ከባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ዲፕሎማ ተመርቃ ሥራ አስኪያጅ ሆና ስትመጣ ከእሷ በፊት የነበረው ሰው በር ላይ ሰዓት ይዞ የሚቆም፣ አንድ ደቂቃ ያሳለፈችን ሴት በሰው ፊት የሚያዋርድ ነበር። ሠራተኛው እሷም እንደዚያ ትሆናለች ብሎ አንገቱን ሰብሮ ጠበቃት። እሷ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ወረቀትም እስክሪብቶም ሳትይዝ በየክፍሉ ዞረች። እያንዳንዱን ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ሥራው ላይ ምን ይጎዳሃል? ምንሽን ያምሻል?»

ፈታዮቹ ሁሉ ወገባችን አሉ። ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር ቀኑን ሙሉ ሱፍ የሚፈትሉት። ደብሪቱ አናጢውን አስጠርታ መደገፊያ ያለው በርጩማ ሠርቶ እንዲያሳያት ነገረችው። ምንይሉ ሠርቶ አመጣ። ትፈርምልኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እንዝርት አነሣችና ከፈታዮቹ መሐል እስከ ማታ ስትፈትል ዋለች። ሥራ ሲያበቃ መጥታ፣ «መደገፊያው ሁለት ጣት ዝቅ ይበል። ትከሻ ይገፋል» አለችው። ጣቶቿ ቀልተው ነበር። እንጨቱን ሊያይ የሄደው የምንይሉ ዓይን እዚያ ጣት ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ነገር አብረው ሠሩ። ለሚያጠቡ እናቶች ከነፋስ የተከለለች ጠባብ ክፍል፣ ዓይናቸው ለደከመው ለእማሆይ ወለተኪዳን በመስኮት በኩል ከፍ ያለ መቀመጫ። ሥራው ሲያልቅ ወሬው አላለቀም። ወሬው አደባባይ ላይ የማይወራ ሲሆን ደግሞ ደብዳቤ ሆነ። እሱ በቢሮዋ በር ሥር ያሾልካል። እሷ የሥራ ትእዛዝ በሚጻፍበት ቅጽ ላይ «ለአናጢ ክፍል፤ የአንድ ወንበር እግር ይታይልን» ብላ ትልክለታለች። የሚጠገን ወንበር ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ መደበቅ የመጣው ከአንድ ነገር ነው። ምንይሉ የሞላሌው ቀጥቃጭ የዳኜ ልጅ ነው። መንዝ ውስጥ ማረሻና ማጭድ ከዳኜ እጅ ይወሰዳል፤ ዳኜን ግን ከደጁ ወዲያ የሚያስገባው፣ በራሱ ዋንጫ የሚያጠጣው የለም። ደብሪቱ ደግሞ ቀየት በሚባለው አገር የሚኖሩት የአቶ ወሰኔ ልጅ ናት። አቶ ወሰኔ ሰባት ቤት ዘራቸውን ቆጥረው የማይደክማቸው፣ ለልጃቸው ባል ሲያስቡ መጀመሪያ አጥንቱን የሚጠይቁ ሰው ናቸው። መንግሥት ሁሉም እኩል ነው ካለ ቆይቷል። በየቤቱ ግን ዋንጫው አሁንም ይለያል። ደብሪቱ ስለ ሌሎች ሲሆን አፍ አውጥታ የምትናገረውን ስለ ራሷ ሲሆን በበር ሥር በሚሾልክ ወረቀት ትናገረው ነበር። ይህ ሲታወሳት ያሳፍራታል።

*

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዋን ስትከፍት አቶ ቅጣው ወንበሯ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የማምረቻው የቦርድ ሰብሳቢ ናቸው፤ የእናቷም የአጎት ልጅ። ለዚህ ሥራ ስሟን ያነሡላት እሳቸው ናቸው። እሷ ሐኪም ቤት በነበረችበት ጊዜ ቢሮዋን ይዘው ሰንብተዋል።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት፣ በእንግዳው ወንበር በኩል እያመለከቱ። ከዚያ አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉላት። የጫኔ የስንብት ደብዳቤ ነበር። ምክንያቱ «ከባድ ቸልተኝነት፤ ያለ ጓንት ወደ ሥራ መግባት» ይላል። የጎደለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

«ጋሼ ቅጣው፣ ጓንት የታለና ነው? ሦስት ጊዜ ጽፌ ጠይቄያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ይቆይ አላችሁኝ።»

«እሱን ተይው። ጥፋቱ የልጁ ነው ካልተባለ ጥፋቱ የቦርዱ ነው ይባላል። አንድ ቀለም ነካሪ ነው፤ ሌላ ይቀጠራል።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ያረጀ ሰው ነው። አሁን ደግሞ አንድ እጅ ነው ያለው። የት ይሂድ?»

አቶ ቅጣው ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «ደብሪቱ፣ እኔ ያንቺን ነገር አውቃለሁ። ያ የዳኜ ልጅ። አባትሽ ቢሰሙ በቁማቸው ነው የሚሞቱት። እኔ ግን ዝም ብያለሁ።» የኮታቸውን የደረት ኪስ መታ መታ አደረጉ። «በእጁ የጻፈው እዚህ አለ። እሱስ ልብ ገዝቷል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ዓርብ ግምገማ አለ። እስከዚያ ከፈረምሽ ወረቀቱ ከኪሴ አይወጣም።»

እሳቸው ሲወጡ ደብሪቱ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። በእጁ የጻፈው። ልብ ገዝቷል። ታዲያ ትናንት «እርስዎ» ያላት ለዚህ ነበር? አቶ ቅጣው ወደ ግቢው በር ሲያመሩ ምንይሉ ቆቡን አውልቆ ሲቆም፣ እሳቸውም የሆነ ነገር ብለውት ራሱን ሲነቀንቅ አየች። ሄዳ ልትጠይቀው ትችል ነበር። ኩራቷ እግሯን ያዘው። ሦስት ዓመት የተጻጻፉት ሁሉ በአንድ ራስ መነቅነቅ የፈረሰ መሰላት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጫኔን ልትጠይቅ ሄደች። ጫኔ ተኝቶ ነበር። ጌታነሽ ሕፃኗን እያጠባች እስከ ደጅ ድረስ ሸኘቻት።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ወሬውን ሰምተናል» አለቻት፣ ዓይኗን ከሕፃኗ ሳታነሣ። «ይፈርሙ። ተነጋግረንበታል። እምቢ ብለው ከሥራ ከተነሡ የሚመጣው ያው በር ላይ ሰዓት ይዞ የሚቆም ሰው ነው። እኛ እንደ ምንም እንሆናለን።»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪኝ?»

«ልወልድ ስል በገዛ ጀርባዎ አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሱኝ እርስዎ አይደሉም? ታዲያ እኔ ምን ልበል?»

ደብሪቱ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። እንባዋ የመጣው ግን ትንሽ ከራቀች በኋላ ነው። ከዚያም እንባው ሲደርቅ ሌላ ነገር በቦታው ተተካ፤ ንዴት ነበር፣ የሚያሞቅ ንዴት። ደግ ሰው ሁሉ ለእሷ ሲል ራሱን እየሠዋ ነው። ለምን ሁልጊዜ የሚሠዋው የታችኛው ይሆናል?

*

ዓርብ ጠዋት አርባው ሠራተኛ በሽመናው አዳራሽ ተሰበሰበ። ጫኔም እጁ እንደታሰረ መጥቷል። ተጀምረው ያላለቁት ምንጣፎች በየእንጨታቸው ላይ እንደተወጠሩ ናቸው። አቶ ቅጣው ከሁለት የቦርድ አባላት ጋር ከፊት ተቀመጡ። ጸሐፊው ደብተሩን ዘረጋ። ምንይሉ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ደብሪቱ ላለማየት ብትሞክርም የት እንዳለ ታውቃለች።

«ግምገማው በሂስና ግለ ሂስ ይካሄዳል» አሉ አቶ ቅጣው። «ሥራ አስኪያጇ ግለ ሂስ ታቅርብ።»

ደብሪቱ ተነሣች።

«አለኝ» አለች። «ጓንትና ቦቲ ጫማ እስኪመጣ የቀለም ክፍሉን መዝጋት ነበረብኝ። ሥራ እንዳይቆም ብዬ አልዘጋሁም። ጫኔ የተጎዳው እኔ በኃላፊነት ባለሁበት ቤት ነው። ጫኔ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

በአዳራሹ ውስጥ ሰው ወንበር ላይ ሲላወስ ተሰማ። አለቃ ሠራተኛን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምተው አያውቁም። ጫኔ በደኅናው እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ሌላው» ስትል ቀጠለች፣ ከቦርሳዋ ሦስት ወረቀት እያወጣች፣ «ጓንት እንዲገዛ ለቦርዱ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች እነዚህ ናቸው። የቦርዱ የገቢ ደብዳቤ ማኅተም አላቸው። ጸሐፊ፣ ቀናቸውን ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍርልኝ።» ሦስቱንም ቀን አንድ በአንድ አነበበች። ጸሐፊው አቶ ቅጣውን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ሠራተኛውን አየ፤ ከዚያ ጻፈ።

የአቶ ቅጣው ፊት ጠቆረ። «እማሆይ ወለተኪዳን አስተያየት አላቸው» አሉ ቸኩለው።

እማሆይ ወለተኪዳን በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። «እንድናገር የተነገረኝ ሌላ ነበር» አሉ በእርጋታ። «ሥራ አስኪያጇ ቁጥጥር አላልታለች በዪ ተብዬ ነው። ልክ ነው፤ አላልታለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሷ ጊዜ ነው ያለ ፍርሃት የፈተልኩት። ፍርሃት ሲቀር ደግሞ ክሩ ቀጠነ እንጂ አልተበጠሰም። ምንጣፉን ገልብጣችሁ እዩት።» ብለው ተቀመጡ።

አቶ ቅጣው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ደብሪቱ ቀረቡ። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንሾካሾኩ። የስንብት ደብዳቤው በግራ እጃቸው፣ የታጠፈ ሰማያዊ ወረቀት በቀኝ እጃቸው ነው። «ይህን ትፈርሚያለሽ ወይስ ይሄኛው ይነበብ?»

ደብሪቱ ሰማያዊውን ወረቀት አየች። በላዩ ላይ በአናጢ እርሳስ የተጻፈ የእሷ ስም አለ። ጽሕፈቱን ታውቀዋለች። ግን እሷ ያልከፈተችው፣ ያላነበበችው ደብዳቤ ነው። ለአቶ ቅጣው የተጻፈ አይደለም፤ ለእሷ ነው።

«የኔ ስም ነው ያለበት» አለች። «ይስጡኝ።»

አቶ ቅጣው ልትደብቀው መስሏቸው ለቀቁላት። ፊታቸው ላይ እፎይታ ታየ። ደብሪቱ ወረቀቱን ዘረጋችና ወደ ሰዉ ዞረች።

«ይህ ደብዳቤ ለኔ የተጻፈ ነው። ሐኪም ቤት ሳለሁ በቢሮዬ በር ሥር ገብቶ ጋሼ ቅጣው እጅ ወድቋል። እኔም እንደናንተው ገና አሁን ነው የማነበው። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ከዛሬ በኋላ ማንም በዚህ እንዳያስፈራራኝ።»

ከኋላ በሩ አጠገብ የሆነ ነገር ወደቀ። ምንይሉ የያዘው ሜትር ነበር።

«ደብሬ፤» ብላ ጀመረች፤ «ከዛሬ ጀምሮ በመንገድ ሳገኝሽ እንደ ሥራ አስኪያጅ ነው ሰላም የምልሽ። አትቀየሚኝ። አቶ ቅጣው ጠርተውኝ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ አሉኝ፤ ከልጅነቴ የለመድኩት ስለሆነ አልከፋኝም። እሷን ካልተውክ ከሥራዋ ትነሣለች፣ አባቷም ይክዷታል ሲሉኝ ግን መቆም አቃተኝ።

«ደብሬ፣ እኔ እዚህ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ሆኜ የተቆጠርኩት አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም። አንቺ ስታልፊ ሰዎቹ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አንቺ አታይውም፤ እኔ ከጥግ ሆኜ አየዋለሁ። የኔ ፍቅር ይህን ከአርባ ሰው የሚነጥቅ ከሆነ እንዴት ፍቅር እለዋለሁ? ስለዚህ ተይኝ።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቀጠለች።

«ጓሳ በር ላይ በረዶ የጣለብን ዕለት ያለበስሽኝን የሱፍ ባና ግን አልመልስልሽም። እሱን አስቀረዋለሁ። ደግሞ ባትተይኝ ደስ እንደሚለኝ አልደብቅሽም። ውሸት መጻፍ አልችልበትም። ምንይሉ ዳኜ።»

ወረቀቱን አጠፈችው። ድምፅዋ አሁን ጠርቶ ወጣ።

«ደብዳቤ ለተጻፈለት ሰው መልስ ይገባዋል። ምንይሉ፣ የጠየቅከኝን አላደርግም። አልተውህም።» ከዚያ ወደ አቶ ቅጣው ዞረች። «ጫኔንም አላባርርም። ሁለቱ የተለያየ ጉዳይ እንዳይመስልዎ። እጁ ስለተቃጠለ አንዱን ወዲያ በሉት፣ አባቱ ብረት ስለሚቀጠቅጥ ሌላውን ወዲያ በሉት ነው የሚሉኝ። እኔ ሰው እንዲህ መመዘን አልችልም። ሥራ አስኪያጅነት ይህ ከሆነ ወንበሩ ይኸው።»

ምንይሉ ከበሩ ተነሥቶ በሰዉ መሐል መጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ፊት ለፊቷ ሲቆም ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ደብሬ» አላት፣ በሰው ሁሉ ፊት። «የጻፍኩት እውነት ነው። የጠየቅኩሽ ግን ልክ አልነበረም።»

«ዘጠኝ ቀን ናፍቄህ መጥቼ እርስዎ አልከኝ።»

«ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገደለኝ።»

አቶ ቅጣው ጠረጴዛውን መቱ። «ስብሰባው ተዘግቷል። ሁላችሁም ወደ ሥራ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እማሆይ ወለተኪዳን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «ጸሐፊ፣ ሁሉንም ጽፈኸዋል? እስቲ አንብብልን። ሳንሰማው አንፈርምም» አሉ። ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። የሦስቱ ደብዳቤዎች ቀን ነበረበት፤ ይቅርታውም ነበረበት። ከዚያ ሠራተኛው ተሰለፈ። የሚጽፍ ጻፈ፤ የማይጽፍ በጣት አሻራው ፈረመ። ጫኔ የግራ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ጫነ። ደብሪቱ ከሰልፉ ጎን ቆማ አየቻቸው። የምትጠብቃቸው እሷ እንደሆነች ስታስብ ኖራ፣ ለካ ሲጠብቋት ኖረዋል። ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆነባትና ግድግዳውን ተደገፈች።

*

ማክሰኞ ከቦርዱ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንደኛው ደብሪቱን ከሥራ አስኪያጅነት የሚያነሣ ነው። ሁለተኛው ጫኔ በሱፍ መለያ ክፍል ተመድቦ ሥራውን እንዲቀጥል የሚፈቅድ ነው። ቃለ ጉባኤው አርባ ፊርማ ተሸክሞ ስለነበር ጫኔን ጥፋተኛ የሚል ሰው አልተገኘም። በዚያው ሳምንት ጓንትም መጣ። ደብሪቱ ቁልፏን ስታስረክብ አላለቀሰችም። ያለቀሱት ፈታዮቹ ናቸው።

እሑድ አባቷ ከቀየት መጡ። ከቤቷ ደጃፍ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ነበር።

«ቅጣው ነግሮኛል» አሉ። «የዳኜ ልጅ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሠላሳ ዓመት ማረሻዬን ሠርቶልኛል ዳኜ። አንድ ቀን ደጄን አላስረገጥኩትም።» ይህን ሲሉ ይቆጩበት ይኩሩበት ከድምፃቸው አይለይም። «ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም አላደረጉኝም። ሰው ሲርበው እያየሁ እንዳልበላ ነው ያሳደጉኝ። እኔ እሱኑ ነው የያዝኩት።»

አቶ ወሰኔ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ዓይናቸው እንባ ሲሞላ ወደ ጎን ዞሩ፤ ልጃቸው እንድታይባቸው አልፈለጉም።

«አልመርቅሽም» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ከኔ አትጠብቂ። እንዳልረግምሽ ግን ጸልዪልኝ።»

ደብሪቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሸሽተው አልሄዱም፤ እጃቸውንም በራሷ ላይ አላሳረፉም። እንዲሁ ቆመው ቆዩና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሙሉ ምርቃት እንዳጣች ታውቃለች። ሕመሙ እንደሚቆይም ታውቃለች። ግን ያን ጉልበት የሳመችው ሳትዋሽ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ፊት የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

*

የገበያ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደብሪቱና ምንይሉ ወደ ሞላሌ ሊሄዱ ተነሡ። ዳኜ ምራቱን ለማየት ሦስት ቀን ሲጠብቅ ነበር። የሞላሌ መኪና የሚቆመው ከገበያው ማዶ ነው። በኋላ በር በኩል፣ በጤና ጣቢያው ጀርባ የሚያወጣ ጭር ያለ መንገድ አለ። ደብሪቱ በእሱ አልሄደችም። እጁን ይዛ ከገብስ ሻጮቹ መሐል፣ ከበግ ተራው መሐል ገባች።

ሰው ዞሮ ያይ ጀመር። ሁለት የቀየት ሴቶች ጆሮ ለጆሮ ተጠጉ። አንድ የአባቷ ወዳጅ አይቷት እንዳላየ ሆኖ ፊቱን አዞረ። አንዲት ሱፍ ሻጭ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ «እትዬ ደብሪቱ፣ ደኅና ነዎት?» አለቻት፤ እሱንም አስከትላ ሰላም አለችው።

ምንይሉ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ቀስ ብለን በዳር በኩል ብንሄድ ይሻል ነበር» አላት በሹክሹክታ። «አገር ሁሉ እያየን ነው።»

«ታዲያ በገበያ ቀን እንሂድ ያልኩህ ለምን መሰለህ?» አለችው።

ምንይሉ ቆመ። አያት፤ ከዚያ ሳይጠብቀው ሳቅ አመለጠው። ሰው ሲያየው በጎን የሚስቅ የነበረው ሰው፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ በገበያው መሐል ሳቀ። ደብሪቱ ያ ሳቅ ደረቷ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ወንበር የላትም፤ ምርቃት የላትም፤ ነገ ምን እንደምትበላ አታውቅም። የዚያን ዕለት ግን ምንም ነገር አስፈርቷት የማያውቅ መሰላት።